ለግርማ የተደወለው ደወል

በእኛ ጊዜ፣ ስሙኝ ልጆች፣ መርዶ እንዲህ እንደ ፒዛ በስልክ አይመጣም ነበር። ሰው ሲሞት ዘመድ ይመካከራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው በርህን ያንኳኳሉ፤ እስከዚያ የሞተው ሰው አልሞተም። አዎ፣ አልሞተም። አንተም ትበላለህ፣ ትስቃለህ፣ እሱም ይኖራል። ይኼን ያነሳሁት ስለ ወንድሜ ስለ ግርማ ነው፣ እና ስለ ግርማ ለማውራት ስለዚያ ቤተ ክርስቲያን ማውራት አለብኝ። እግሬ እንግሊዝን ሳይረግጥ ያንን ቤተ ክርስቲያን ከመሠረቱ እስከ ጣራው አውቀዋለሁ።

ግርማ ታናሼ ነው። ከሱዳን የስደተኛ ጣቢያ እኔን ወደዚህ አሜሪካ እሱን ወደ እንግሊዝ በተኑን፣ እና ስሙን ስጠራው ምላሴ የሚታሰር የገጠር መንደር ገባ። እዚያ አንድ ያረጀ ቤተ ክርስቲያን ሲጠገን ኖራ አቡኪ ሆኖ ተቀጠረ፤ ጥገናው ሲያልቅ ቁልፉን ይዞ ቀረ። ጠዋት ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል፣ በቃ ሥራው ይኸው ነው። ታዲያ ይደውልልኝና «ደምሴ፣ ዘጠኝ መቶ ዓመት ነው እኮ» ይለኛል። እኔ ደግሞ «እዚህ ላስ ቬጋስ ሠላሳ ዓመት የሞላውን ሆቴል አርጅቷል ብለው በፈንጂ ነው የሚጥሉት፤ ያንተን ምን ይዞት ቆመ?» እለዋለሁ። «ግድግዳው» ይለኛል። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሳ ውጭ ክረምት ሲገባ ውስጥ ገና ያለፈው በጋ አላለቀም። ማማው ከመዝመሙ የተነሳ ርግብ የምታርፍበት ይቅርታ ጠይቃ ነው። ይኼን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አይቀልድም።

ቄሳቸው ደግሞ ሴት ናት። ሴት ቄስ ሲለኝ እኔ ምን ልሁን፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቅሁ። «ቅዳሴውን አቋርጣ ወጥ ልታማስል እንዳትሄድብህ» እለው ነበር።

ታዲያ ያ የኮሮና ዓመት መጣ። ካዚኖው ሁሉ ተዘጋ። የካዚኖ በር ቁልፍ እንደሌለው ያወቅነው ያኔ ነው፤ ተዘግቶ ስለማያውቅ ከተማው ሰንሰለት ፍለጋ ሲዞር ዋለ። እኔም ኤርፖርት ዊልቸር ገፊ ነበርኩ፣ የሚገፋ ሰው ጠፋና ቤቴ ተቀመጥኩ። እና ግርማን ሳል ጀመረው፣ ሆስፒታል ገባ፣ ስልኩም ይጠራል እንጂ የሚያነሳው የለም።

እዚሁ ቬጋስ ዊንቸስተር የሚባል ሰፈር ባለችው አፓርትማችን ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ። «ዛሬስ ከሆስፒታሉ ደወሉ?» እላለሁ። ባለቤቴ አስካለ «ይደውላሉ» ትልና ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው ታዞራለች። እዚህ የተወለደችው ልጄ ሜሮን ግን ውሸት አትችልም። የእኔ ልጅ ሆና እንዴት ውሸት እንደማትችል ሐኪም ሊያያት ይገባ ነበር። ታዲያ «አጎትሽስ?» ስላት «አባዬ፣ ስለ ቸርቹ ልንገርህ?» ትላለች፣ እና ስልኳን ከፍታ ታነብልኛለች።

አንድ ቀን በሩን ነገረችኝ፤ መጀመሪያ የሠሩት ሰዎች ያቆሙት ነው፣ ክብ ቅስት አለው፣ ዙሪያውን የወፍ ምንቃር ያላቸው ፊቶች ተቀርጸውበታል። በማግስቱ መስኮቶቹን፤ ኋላ የመጡት ክቡን ንቀው ቅስቱን አሾሉት። ሌላ ቀን ሥዕሉን፤ ሚካኤል ነፍስ ይመዝናል፣ ሰይጣን በአንዱ ወገን ሚዛኑን ይጎትታል፣ እመቤታችን በሌላው ወገን እጇን ጣል ታደርጋለች። ይኼንንማ ግርማ ራሱ «የእኛው ነው እኮ» ብሎ ነግሮኝ ነበር። ታዲያ ንጉሣቸው ከሮማው ጳጳስ ተጣልቶ ሃይማኖት ሲለወጥ ሥዕሉን በኖራ ሸፈኑት፣ እና ኖራው አቆየው፤ እነ ግርማ ሲጠግኑ ቀስ እያሉ ፍቀው አወጡት። ከዚያ ደግሞ ሲሚንቶውን ነገረችኝ፤ ከእነሱ በፊት የጠገኑት ሰዎች ግድግዳውን በሲሚንቶ መርገውት ድንጋዩ መተንፈስ አቅቶት ከውስጥ በሰበሰ፣ እነ ግርማ ሲሚንቶውን ነቅለው በኖራ ተኩት፣ ኖራ ያስተነፍሳል።

«እሱስ መተንፈስ ቻለ?» አልኳት።

ሜሮን ስልኩን አስቀመጠች። «አባዬ፣ ድንጋዩ አሁን ደህና ነው» አለች።

ያኔ ገባኝ ልበላችሁ? ገባኝ፣ እና አልገባኝም አልኩ። መርዶ አልመጣማ። ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው፣ ታዲያ ማን ይመጣል? ግርማ ክልከላው እስኪነሳ ይኖራል ብዬ ተቀመጥኩ። ሕይወቴን ሙሉ ሕግ አክብሬ አላውቅም፣ ያንን ግን አከበርኩ።

አንድ ንጋት በመስኮት ሳይ ፓርኪንጉ ላይ መኪና ተደርድሯል፤ በየመኪናው ሰው ማስክ አድርጎ ዝም ብሎ ተቀምጧል። በፒጃማ ወጣሁ። ለምን እንደመጡ አውቄያለሁ፣ እንዲናገሩ ግን አልፈለግሁም። «ባንክ ልትዘርፉ ከሆነ ባንኩም ዝግ ነው» አልኳቸው። የሳቀ የለም። «እዚህ ፓርክ ያደረገ መኪናው ይጎተታል» አልኩ። ቁርስ በልታችኋል ወይ አልኩ፣ ጎማህ ተንፍሷል አልኩ፣ ያላልኩት የለም። የዕድራችን ሽማግሌ አባባ ወልዴ ከመኪናቸው ወርደው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና ማስካቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ደምሴ፣ ዛሬ እንኳ አስጨርሰኝ» አሉ።

ጨረሱ። እኛ ጋ ሰው መርዶ ሲነገረው ግራና ቀኙን ይይዙታል፣ ደረቱን እንዳይመታ፣ እንዳይወድቅ። እነሱ ርቀው ቆመው እጃቸውን ወደ እኔ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ይሰበስባሉ። ደረቴን መታሁ፣ የሚይዘኝ ጠፋ፣ እና ሰው ካልያዘህ መቼ እንደምታቆም አታውቅም።

ለካ ተቀብሯል። የሳቅሁባት ሴት ቄስ ናት የቀበረችው። የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ሞልቶ ለአዲስ ሬሳ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ለቁልፍ ያዡ ግን ለምና በማማው ሥር ጥግ አስፈቀደችለት። ለንደን ያለ የእኛ ቄስ በስልክ ፍትሐት ሲያደርስ ስልኩን ከሣጥኑ በላይ ይዛ ዝናብ ላይ ቆመች። ሜሮን በቪዲዮ አሳየችኝ። በድሮ ወጋቸው ለሞተ ሰው በዕድሜው ልክ ይደወላል፣ ደዋዮቹ መሰብሰብ ስላልተፈቀደላቸው እሷው ገመዱን ጎተተች። እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ እና ቆመ።

«ለምን ቆመች?» አልኩ።

«ጨረሰች፣ አባዬ።»

«አልጨረሰችም። ሰባት ይቀራታል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዳን ሳለን ወጣቱን ቶሎ ወደ ውጭ አገር ይወስዳሉ ሲባል ግርማ ሲመዘገብ ከዕድሜው ሰባት ዓመት ቀነሰ። ያልቀነሰ ማን አለ? ከገዛ ልጁ አንሶ የተመዘገበ ሰው አውቃለሁ። ታዲያ ሴትየዋ የደወለችው ለወረቀቱ ነው። የወንድሜ ሰባት ዓመት፣ እናቴ ያጠባችው፣ እኔ በጀርባዬ ያዘልኩት፣ ያ ሁሉ እንዳልተኖረ ሆኖ ሊቀር ነው። ሜሮንን እውነተኛ ዕድሜውን ጻፊላት አልኳት። «አባዬ፣ ይሄ ዊርድ ነው» አለች፤ የጤና አይደለም ማለቷ ነው። ነዘነዝኳት፣ ለመንኳት፣ ጻፈች።

ጊዜ ሄደ፣ ካዚኖው ተከፈተ፣ ዓመቱም ዞረ፣ እኔም ወደ ዊልቸሬ ተመለስኩ። ታዲያ ሴትየዋ ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ቪዲዮ ላከች፤ ማማው ሥር ቆማ የቀረውን ስትደውል።

ሜሮን ስልኩን ያዘችልኝ። አንድ አለ፣ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ምን አደረግሁ አልኩ። ያ ሰባት ዓመት እኮ ሞት ያላገኘው ዕድሜው ነበር። ሌላውን ሁሉ ቀብረንበት እሱ ተርፎ ነበር፣ እና እኔ በገዛ አፌ አስጽፌ፣ ለምኜ አስቀበርኩት። ስድስተኛው ሲመታ «ዝጊው» አልኳት።

«አባዬ፣ አንድ ብቻ ቀረ።»

«ዝጊው፣ የኔ እናት።»

ዘጋችው።

— ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ባይሰሙትም እኮ እዚያ ተደውሏል።

— አውቃለሁ፣ ልጄ። እዚያ ተደውሏል። እዚህ አልተደወለም።