ያልመጣው ሰብሳቢ

ከተበላ ከተማ ወደ ሶዶ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ አንዲት እናትና አንድ ጎልማሳ ያወራሉ።

«እማማ፣ ያንን እናንተ ሰፈር አስፋልት ዳር ያለውን ባዶ ቤት ቀበሌ አላስጸዳውም?»

«ምኑን! ቁጥቋጦው የሌባ መደበቂያ ሆነ። የሰፈሩ ኮሚቴ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ሰብሳቢው ይፈርምበት ብለው መለሱልን።»

«ታዲያ ይፈርማ!»

«ከየት ተገኝቶ?»

«ማን ነው ሰብሳቢው?»

«የዚያው ቤት ባለቤት።»

«እንዴት?»

«ስብሰባው ላይ ሁሉም አልችልም አለ። ያልመጣ ሰው ይመረጥ ተባለና አጨበጨብን።»

«ሰውየው ያውቃል?»

«በመልክ እንኳ ማን ያውቀዋል!»

«እና ራሱን በሚከሰው ደብዳቤ ላይ ራሱ ይፈርማል?»

«እኔ እንጃ ልጄ፣ እኔም ግራ ገባኝ።»

ቁጥቋጦ የዋጠው ቤቴ ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ አለፍኩት።