የጳጉሜን ስድስት ልጆች

መምህር ሀብተ ሥላሴ በሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሞጣ ሄደው መነጽር አሠርተው ወደ ቢቸና ሲመለሱ፣ የተሳፈሩባት ሚኒባስ ጉንደ ወይን ላይ ጎማዋ ፈነዳ። ሹፌሩ ትርፍ ጎማ አልያዘም ነበርና ተሳፋሪው ወርዶ ጎማው እስኪጠገን ይጠብቅ ጀመር። መምህር ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይነሽ ካረፉ ስድስት ዓመት፣ አንድ ልጃቸው ስጦታው በመኪና አደጋ ከሞተ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል። ብቻቸውን መኖር ከጀመሩ ወዲህ ከሰው ጋር ሲቀመጡ ምን እንደሚያወሩ ይጠፋቸዋል። ዝናቡን ለመሸሽ ሌላው ሰው ሻይ ቤት ሲገባ እርሳቸው በአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጡ።

ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ የኮምፒዩተር ቦርሳ ያነገበች ወጣት፣ ወደ በረንዳው መጥታ በአክብሮት ሰላምታ ሰጠችና አጠገባቸው ለመቀመጥ ፈቃድ ጠየቀች። ዘሚራ ትባላለች፤ የሞጣ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ኮምፒዩተር ተምራ በአንድ ክሊኒክ ትሠራለች። ወዴት እንደምትሄድ ሲጠይቋት፣ ቢቸና የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ፍለጋ መሆኑን ነገረቻቸው። የጠራችው ስም የራሳቸው ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ መምህር።

ዘሚራ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻቸው። ስጦታው በሕይወት ሳለ ለክሊኒኩ የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም በነጻ ሠርቶ ሰጥቶ ነበር። የልደት ቀን ሲገባለት የየክትባቱን ቀን አስልቶ፣ የሚጠሩትን እናቶች ዝርዝር ያወጣል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት እናት በኩፍኝ የታመመ ልጇን አቅፋ መጥታ፣ ለምን እንዳልጠሯት ጠየቀች። ቢፈተሽ፣ ባለፈው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን የተወለዱ ዘጠኝ ሕፃናት ከዝርዝሩ ጭራሽ የሉም። የቀሩትን ስምንቱን ከወሊድ መዝገብ ፈልገው ጠርተዋቸዋል። ስህተቱ ፕሮግራሙ ውስጥ የት እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም፤ ስጦታው የጻፈበት ኮምፒዩተርም አብሮት በአደጋው ጠፍቷል።

«እና ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?»

«ፈቃድዎን፣ መምህር። እጃችን ላይ ያለው ስጦታው የጻፈው ሳይሆን ለማሽኑ የተተረጎመው ብቻ ነው፤ ባይትኮድ ይባላል። እሱን ከፍቶ ትእዛዙን አንድ በአንድ የሚያሳይ መሣሪያ አለ። ቤተሰቡን ሳላስፈቅድ ግን መክፈት ከበደኝ።»

መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። የሞተ ሰው ሥራ እንደተወው መቀመጥ እንዳለበት፣ ዘግቶ የሰጠውን መበርበር ነውር መሆኑን በትሕትና ግን በጽናት ነገሯት። ዘሚራም ስጦታው ሆን ብሎ እንዳልዘጋው፣ ማንኛውም ፕሮግራም ተሠርቶ ሲያልቅ እንዲህ እንደሚሆን አስረዳች።

«ስህተት ብታገኚበትስ?» አሉ መምህር። «ልጄ ቆሞ አይመልስ። ማን ይሟገትለታል?»

እነሆ፣ ፍርሃታቸው ይህ ነበር። ከልጃቸው የቀራቸው መልካም ስሙ ብቻ ነው፤ እሱም እንዳይነካባቸው ሰጉ። እንዲህ ያለው ስጋት የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ከሙት ስም ጋር ሕያዋን ሕፃናትም በሚዛኑ ላይ ነበሩ።

ዘሚራ ከቦርሳዋ የታተመ ዝርዝር አውጥታ ሰጠቻቸው። «ዘንድሮ ጳጉሜን አምስት ናት፣ መምህር። ፕሮግራሙ ግን ለሃያ ሦስት ሕፃናት ለጳጉሜን ስድስት ቀጠሮ ሰጥቷል። በሌለ ቀን። አንከፍትም ካልን ክሊኒኩ ፕሮግራሙን ይጥለዋል። ስጦታው ይህን ቢያይ ዝም ይል ነበር?»

መምህር ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«አይልም» አሉ። «ክፈቺው።»

ዘሚራ ኮምፒዩተሯን አውጥታ በመሣሪያው ስትከፍተው አጫጭር መስመሮች ተደርድረው ታዩ። ስጦታው በአማርኛ አስቦ በላቲን ፊደል ለየክፍሉ ያወጣው ስም ሳይጠፋ ቆይቷል፤ መምህር «የጳጉሜን ቀኖች» የሚለውን ራሳቸው አነበቡት። ዘሚራ ከሥሩ ያሉትን ትእዛዞች እየተረጎመች ነገረቻቸው፤ ዓመተ ምሕረቱን አምጣ፤ አራትን አምጣ፤ አካፍለህ ቀሪውን ያዝ፤ ቀሪው ዜሮ ካልሆነ ወደ አምስቱ ዝለል፤ ዜሮ ከሆነ ስድስት በል።

«ቆይ» አሉ መምህር። «ድገሚው።»

ደገመችላቸው።

«ይህ የፈረንጆቹ ስሌት ነው። በእኛ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ሦስት ሲቀር ነው። ያለፈውን ዓመት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አምስትን፣ ለአራት አካፍይው፤ ሦስት ይቀራል፤ የዘንድሮው ግን ዜሮ። ይህን እኮ አስተምሬው ነበር።»

የተማሪ ደብተር እንደሚያርሙ ሁሉ ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አላነሡም። ደግመህ አስላው ሊሉት አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚሰማቸው አለመኖሩ ትዝ ሲላቸው መልሰው ዘጉት። ዘሚራም ፊቷን ወደ ዝናቡ መለሰች።

ጥቂት ቆይተው ሌላውንም ክፍል እንድታሳያቸው ጠየቁ። የሳምንታቱን ቆጠራ፣ የወራቱን ርዝመት፣ የየክትባቱን ልዩነት እየተረጎመች አሳየቻቸው፤ እርሳቸውም በቃል እያሰሉ ተከታተሉ። አንድም ሌላ ስህተት አልነበረም። ጎማው ተጠግኖ ሹፌሩ ሲጣራ ዘሚራ ጉዳይዋ ስላለቀ ወደ ሞጣ የሚመለስ መኪና ፈለገች፤ መምህርም ብቻቸውን ወደ ቢቸና ሄዱ።

ዘሚራ ያንን አንድ ክፍል እንደገና ጽፋ በቀድሞው ቦታ ተካችው። ሃያ ሦስቱ እናቶች ትክክለኛ ቀን ተነገራቸው፤ ልጆቹም ተከተቡ። ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ ማንም ፕሮግራም ቢሰጠው፣ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ አብሮ ካልመጣ አይቀበልም፤ ግልባጩንም በሁለት ቦታ ያስቀምጣል፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም በጳጉሜን ስድስት ይፈትነዋል። ሥራን ከፍቶ መመርመር ሠሪውን ማዋረድ አለመሆኑን ያዩ ሠራተኞች ዛሬ የራሳቸውንም ሥራ አንዳቸው ለሌላው ያሳያሉ።

ዘሚራ የፕሮግራሙን ትእዛዝ በሙሉ በአማርኛ ተርጉማ በወረቀት ለመምህር ላከችላቸው። መምህር በየቀኑ አንድ ገጽ እያነበቡ ነሐሴን ጨረሱ። በጳጉሜን ሦስት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ውበቴ የበዓል ዱቄት ይዘውላቸው ቢመጡ፣ መምህር ወንበር አቀረቡና ስለ ስጦታው ነገሯቸው። መጀመሪያ ስህተቱን ነገሯቸው፤ ከዚያም በትክክል የሠራውን ሁሉ። ወይዘሮ ውበቴ ሒሳቡ ባይገባቸውም እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ሰሙ።