ለሚስ ኦዜላ የዘገየ እርማት

ፓስተር ሊጎን፣ ፓትሪስና መላው የቶሊቨር ቤተሰብ፣ የተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች፣ ደግሞም በየቅዳሜው በሚስ ኦዜላ ፀጉር ቤት ካስክ ሥር ተቀምጣችሁ የከተማውን ወሬ የምታጣሩ እመቤቶች፤ በዚህ ሙቀት ቆማችሁ ስለምትሰሙኝ አመሰግናለሁ።

ክሊፍተን ባስኪን እባላለሁ። በሳምንታዊ ጋዜጣችን ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፓትሪስ «ስለ እናቴ ተናገር» ስትለኝ፣ «ሌላ ሰው ፈልጊ፤ እኔ እናትሽን በድያቸዋለሁ» አልኳት። «እሱን ነው እንድትናገር የምፈልገው» አለችኝ። እውነትም የእናቷ ልጅ ናት።

እንግዲያው ልናገር። ሚስ ኦዜላ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ጠየቁኝ። በጋዜጣ የሚወጣ አንድ እርማት። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከለከልኳቸው። ዛሬ እሱን ላደርስ መጥቻለሁ።

በመጀመሪያ ግን፣ የከለከልኩት ማንን ነው?

ሚስ ኦዜላ ቶሊቨር ሃምሳ ሦስት ዓመት ፀጉር ሠሩ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጣ «የእኔ ፀጉር እንዲህ ነው» ላለች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር። «መጀመሪያ ይታጠብ።» ሐኪም ብትሆኚ፣ ይታጠብ። የዳኛ ሚስት ብትሆኚ፣ ይታጠብ። ስትገቢ ያማረብሽ ቢመስልሽም፣ ይታጠብ። የከረመው ቅባት ሁሉ ሲለቅ፣ ምንም ሳይቀቡት በራሱ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው አራት ቦታ ያያሉ። ግንባር ላይ። አናት ላይ። ከጆሮ በላይ። በመጨረሻም እኛ «ማድቤት» የምንለውን የማጅራት ፀጉር። አንድ ራስ ላይ ሦስት ዓይነት ያገኙ ነበር። ፊት ለፊት እንደ ማዕበል ሰፋ ብሎ የሚተኛ፣ አናት ላይ እስክሪብቶ ውስጥ እንዳለው ሽቦ የተጠቀለለ፣ ማጅራት ላይ ዓይን የማይለየው ደቃቅ ጥምዝ።

ቀጥሎ ውሃ ይረጫሉ። ውሃው እንደ ጤዛ ከላይ ከቀረ፣ «ይኼ በሩን ዘግቷል፤ ለብ ባለ ውሃ አንኳኪለት፤ ቅባት አትከምሪበት» ይላሉ። ወዲያው ከጠጣው ደግሞ፣ «የዚህ በሩ ወለል ብሏል፤ የገባው ሁሉ ይወጣል፤ አርጥቢውና በቅባት ዝጊለት።» ሚዶ የሚያነሡት ከሁሉ በኋላ ነው። ፀጉሩ እንደረጠበ፣ መጀመሪያ በጣት፣ ከጫፍ ጀምረው ወደ ሥር። «ከላይ የሚጀምር ሰው» ይሉ ነበር፣ «ቋጠሮውን ወደ ታች እየገፋ ያጠብቀዋል እንጂ አይፈታውም።» ይህን ከአፋቸው የሰማችሁ እስቲ እጅ አውጡ። አያችሁ? የለቀስተኛው ግማሽ።

አሁን ወደ በደሌ።

ለፋሲካ እትም ስለ ፀጉራችን ዓይነቶች ግማሽ ገጽ ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። ሥዕል አለው፤ ቁጥርና ፊደል አለው። ከማዕበሉ ይጀምርና በደቃቁ ጥምዝ፣ «አራት ሲ» በሚባለው፣ ያበቃል። ትክክል መሆኑን እንዲያዩልኝ ወደ ፀጉር ቤቱ ይዤው ሄድኩ።

«ሥዕሉ ደህና ነው» አሉ። «ርእሱን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኛ።»

ርእሱ «የፀጉራችን ዓይነቶች፤ ከገራሙ እስከ አስቸጋሪው» ይላል።

«ሰርዘው።»

«ሚስ ኦዜላ፣ አንባቢ ይስባል እኮ!»

«ክሊፍተን፣ ራስህ ላይ ፀጉር የሚባል ከጠፋ አሥር ዓመቱ። ምን አውቀህ ነው አስቸጋሪ የምትለው?»

ሴቶቹ ከካስኩ ሥር ብቅ እያሉ ሳቁብኝ። ርእሱ ግን እንዳለ ወጣ።

በሳምንቱ ፀጉር ቤቱ ታመሰ። ሴቶች ገጹን እየቀደዱ ይዘው መጡ። ሁለት እኅትማማቾች፣ እዚህ ቆመው እያዩኝ ስለሆነ ስማቸውን አልጠራም፣ «እኔ አራት ኤ ነኝ፤ አንቺ ግን አራት ሲ ነሽ!» ተባብለው ሊቧጨሩ ነበር። «የፈተና ውጤት ነው እንዴ?» አሉ ሚስ ኦዜላ። «ሁለታችሁም ወደ ገንዳው! መጀመሪያ ይታጠብ!»

ይህ ያስቃል። የሚቀጥለው አያስቅም።

ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀር፣ የዘጠኝ ዓመቷ ጃኔል ፎርት ከእናቷ ጋር መጣች። ገጹን አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ይዛዋለች። ዘረጋችው። ጣቷን የመጨረሻው ሥዕል ላይ አድርጋ፣ «ሚስ ኦዜላ፣ አስቸጋሪዋ እኔ ነኝ?» አለች።

ሚስ ኦዜላ የቀኑን ቀጠሮ ሁሉ ገፉት። በፋሲካ ሰሞን ቀጠሮ መግፋት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። አራት ሰዓት ሙሉ ያን ፀጉር በጣታቸው ፈቱት። ልጅቷ አንድ ጊዜ እንኳ «አመመኝ» አላለችም። ሲጨርሱ መስተዋቱን ሰጧት። «አየሽ፣ የኔ ማር? አስቸጋሪ ፀጉር የለም። የቸኮለ እጅ ነው ያለው።»

ከዚያ ለእኔ ደወሉ። «እርማት አውጣ። በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን።»

ምን ብዬ መለስኩ? «ሚስ ኦዜላ፣ እርማት የሚወጣው ለስም፣ ለቀንና ለቁጥር ነው። ይህ አስተያየት ነው» አልኳቸው። ሥራዬን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

«ልጅቷ አስተያየት ነው አላለችም» አሉኝ። «ጋዜጣ ላይ ነው ያነበበችው።» ስልኩን ዘጉት።

ታዲያ ቂም ያዙብኝ? ባለቤቴ ኮሪን ካንሰር ታክማ ስትድን፣ መድኃኒቱ ያረገፈው ፀጉሯ ሌላ ሆኖ በቀለ። የድሮው ላላ ያለ ጥቅልል ነበር፤ አዲሱ ደቃቅ ጥምዝ። ኮፍያዬን አላወልቅም አለች። ለምኜ ወሰድኳት።

«ሚስ ኦዜላ፣ ይኼ የእኔ ፀጉር አይደለም» አለቻቸው።

«እንግዳ ነዋ! እንተዋወቀዋለን። ነይ፣ መጀመሪያ ይታጠብ።»

አጠቡት፤ እስኪደርቅ ጠበቁት፤ አራቱንም ቦታ አዩት። ኮሪን ያን ቀን ኮፍያዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ በኖረችባቸው ሦስት ዓመታት ባርኔጣ ያደረገችው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። ላመሰግናቸው በሩ ላይ ስቆም ፎጣ እያጠፉ፣ «ምስጋናውን ተወው። እርማቴስ?» አሉኝ።

ያኔም አላወጣሁም። ለምን? ኩራት ነው። ሌላ ስም የለውም።

ባለፈው ወር አልጋ ላይ ሳሉ ሄድኩ። አዲሱ አዘጋጅ እሺ እንዳለኝ ነገርኳቸው። የጻፍኩትን ላነብላቸው ወረቀቱን ሳወጣ እጄን ያዙኝ። «ለእኔ አታንብበው። እኔ ድሮም አውቀዋለሁ። ለማያውቀው አንብብለት» አሉ። እሑድ ዕለት ተለዩን። እርማቱ ትናንት ወጣ።

ጃኔል፣ ከኋላ ቆመሽ አይሻለሁ። ጠጋ በይ። አነበዋለሁ።

«እርማት። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት በፋሲካ እትማችን ገጽ ስድስት፣ ከፀጉራችን ዓይነቶች አንዱን አስቸጋሪ ብለን ጽፈን ነበር። ስሕተት ነው። አስቸጋሪ ፀጉር የለም። ስሕተቱ የጸሐፊው የክሊፍተን ባስኪን ነው፤ ከመታተሙ በፊትም ተነግሮት ነበር። ወይዘሮ ኦዜላ ቶሊቨርንና ወይዘሪት ጃኔል ፎርትን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ወዳጆቼ፣ በሥራዬ ዘመን ያወቅሁት አንድ ነገር አለ። ስሕተቱን ያነበበ ሁሉ እርማቱን አያነበውም። ስለዚህ እናንተን አስቸግራለሁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ፣ ልጅ ጉልበታችሁ መካከል አስቀምጣችሁ ፀጉሯን ስትይዙ፣ ይህን ንገሯት። እርማቴ ያልደረሳት ልጅ ትኖራለች።

ሚስ ኦዜላ፣ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ወጥቷል። እንዳዘዙኝም ለሰው አንብቤዋለሁ። የቀረውን እነዚህ ሴቶች ያደርሱታል። እርስዎ ይረፉ። ደህና ይሁኑ።