ሰውን እያስጸየፉ ያሳቁት አቶ ያው አምፖንሳ

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶችና ለቀስተኞች፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ በዚህ ንባብ ውስጥ የሟች ፊልሞች ነገር እንዳይነሣ ጠይቀው ነበር። የሟች እናት ግን "ልጄ የሠራውን ሳታስቀር አንብብ" ስላሉ የሟች ታናሽ ወንድም እንደታዘዘው ያነባል።

አቶ ያው አምፖንሳ ከአባታቸው ከአቶ ኮፊ አምፖንሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አፊያ ዱፊ እ.ኤ.አ. በ1961 በኩማሲ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ወደ ካካዋ እርሻ እንደሄዱ ስለቀሩ፣ እናታቸው በቄራው ደጅ የከብት ጨጓራና አንጀት አጥበው እየሸጡ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን አሳደጉ። ሟችም ማለዳ ማለዳ ፈርሱን እየደፉ፣ አንጀቱን በቢላ ጀርባ እየፋቁ እናታቸውን ካገዙ በኋላ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ሽታው በሳሙና አይለቅም። ክፍል ሲገቡ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው "ፈርሱ መጣ፣ መስኮት ክፈቱ" ይሏቸው ነበር። ታናሽ ወንድማቸውም አብሯቸው አጥቧል፤ ስለዚያ ከዚህ በላይ አይነገርም።

ትምህርታቸውን እስከ መካከለኛ ደረጃ ተከታትለው፣ የፎቶግራፍ ሙያ ተምረው፣ ሰርግና ቀብር በቪዲዮ መቅረጽ ጀመሩ፤ ልብስ ሰፊዋን ወይዘሮ አቤና ሴርዋንም አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። እናታቸውም "ተገላገልን" ብለው እፎይ አሉ።

እፎይታው አልቆየም። ሟች በዚያው ካሜራ፣ ሲኒማ ቤት ሳይገባ በቀጥታ በካሴት የሚሸጥ ፊልም ሠሩ። "ጭንቅላቴን ያያችሁ" ይባላል፤ ዘመዶች በቀብር ድግስ ተጣልተው ሬሳውን ሲጥሉት ጭንቅላቱ ተቆርጦ ይጠፋና፣ ሬሳው ተነሥቶ በየሾርባ ድስቱ ውስጥ ሲፈልገው የሚያሳይ ነው። ደሙ በካሳቫ ሙክ የወፈረ ቀይ ቀለም ሲሆን አንጀቱ ግን እውነተኛ ነበር። ቀረጻው እስኪያልቅ ያንኑ አንጀት ስለተጠቀሙበት ተልቶ፣ ዝንብ ወርሮት፣ ተዋናዮቹ ከግድግዳው ኋላ እየሄዱ ሲያስታውኩ፣ ሟች ካሜራቸውን ይዘው ይከተሏቸውና ያንንም ይቀርጹት ነበር። አጸያፊ ሥራ ነው። ቀብር ላይ ነን ተብሎ ሌላ ስም አይወጣለትም።

ሕዝቡ ግን ወደደው። በየቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን የሚጎትተው የዓሣ ማጥመጃ ክር በታየ ቁጥር "ያው፣ ክርህ ወጣ" እያለ በሳቅ ይንከተከት ነበር። ሟች ክሩን እንዲደብቁ ሲመከሩ "ክሩን ያላየ ሰው ይፈራል እንጂ አይስቅም፤ የሚያስፈራውማ እቤቱ ሞልቶለታል" ይሉ ነበር።

እናታቸው አንዱንም አላዩም። "ከፈርስ ውስጥ አወጣሁህ፤ ተመልሰህ ገባህበት" ብለው በፊልሙ ገንዘብ የተገዛላቸውን ልብስ ሳይቀር መለሱ። ሟች ከዚያ በኋላ ብዙ ፊልሞች ሠርተው ስማቸው ቢጠራም፣ የልባቸው ምኞት እናታቸው አንዱን እንኳ እንዲያዩላቸው ነበር፤ በየፋሲካው ይለምኗቸዋል፣ በየፋሲካው እምቢ ይባላሉ።

ሟች ኩላሊታቸው ታሞ አልጋ በያዙ ጊዜ ግን እናታቸው ልመናውን መግፋት ስላልቻሉ፣ አጠገባቸው ተቀምጠው የመጀመሪያውን ፊልም ማየት ጀመሩ። ሬሳው ከሾርባው ውስጥ አንጀት ሲጎትት "እትፍ፣ እኔን ይድፋኝ" ብለው ሻሻቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ወጡ፤ ጓሮ ሲያስታውኩም ተሰማ። ሟች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጥቂት ቆይቶ የእናታቸው ድምፅ በመስኮት መጣ።

"አንተ ያው፣ ያ ሰውዬ ጭንቅላቱን አገኘው?"

"አልነግርሽም እማ፤ ገብተሽ እይ።"

ገብተው እስከ መጨረሻው አዩ። አንድም ጊዜ አልሳቁም። ሲያልቅ "አስጠሊታ" አሉ፤ ቀጥለውም "ሌላ አለህ?"

እናትና ልጅ ካሴቶቹን በየተራ ሲያዩ ሰንብተው፣ ሳይጨርሷቸው፣ አቶ ያው በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ሟች እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና ዛሬ በዚህ ተሰብስበው የሚያለቅሱትን ተዋናዮቻቸውን ትተው ሄደዋል። እናታቸው የቀሩትን ፊልሞች ብቻቸውን እንደማያዩ ስለተናገሩ፣ ታናሽ ወንድማቸው ሆዱ ባይችለውም አብሯቸው ይቀመጣል።

የፈጠራቸው አምላክ ሳይጸየፍ ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን። አሜን።