ሚስማር የሌለው በርጩማ

አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ቀረ፤ አናጢውም እንደ ልማዳቸው ተቆጡ። የሰፈሩ ሰው ጋሽ ሚስማር ነው የሚላቸው። ሲሠሩ ውለው ቤታቸው ሲገቡ እንኳ ከከንፈራቸው መሃል ሚስማር ስለማይጠፋ፣ የሚያወሩትም የሚሳደቡትም በሚስማሩ ጎን ነው። የዚያን ቀን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሊሠሩ የተቀበሉት የትምህርት ቤት ዴስክ ማስረከቢያው ደርሷል፣ አብሯቸው የሚሠራው ሰው ደግሞ የተሻለ አገኘሁ ብሎ ጥሏቸው ከሄደ ሰንብቷል። እንዲህ ያለውን ሰው ፌርማታ ላይ ገትሮ ማስጠበቅ ግፍ ነው።

«ጋሼ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ። የወንድማቸው ልጅ፣ መምህርቷ ናት። በብብቷ በርጩማ ይዛለች።

«ምን አደርጋለሁ፣ እያረጀሁ ነዋ!»

«እንግዲያው ቁጭ ብለው ያርጁ» ብላ በርጩማውን አስቀመጠችላቸው።

ቁጭ አሉ። አናጢ ግን ወንበር ላይ እንደ ሰው አይቀመጥም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ገፋ አደረጉት፤ ንቅንቅ አልል አላቸው። ተነሥተው ገለበጡት። እግሮቹ ከመቀመጫው ጋር እንጨት በእንጨት ተሰክተው ተቆላልፈዋል፤ ሚስማር የሚባል ነገር የለም። በጥፍራቸው ፈተጉት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ መልሰውም ተቀመጡበት።

«ይሄስ ሥራ ነው! የማን እጅ ነው? ሌላው ሳይቀድመኝ ልቅጠረው፣ ንገሪኝ በሞቴ።»

«የታራሚ እጅ ነው። ማረሚያ ቤት የማስተምረው ልጅ ነው የሠራው። እዚያ ሚስማር ክልክል ስለሆነ ሁሉንም እንጨት በእንጨት ነው የሚያጋጥሙት።»

ጋሽ ሚስማር ፍም ላይ እንደተቀመጠ ሰው ብድግ አሉ።

«ሌባ በሠራው ላይ ነው እኔን ያስቀመጥሽኝ?»

«በርጩማው አልሰረቀ፣ ጋሼ።»

«አትቀልጂብኝ! እኔ ይሄን ሙያ ለመማር የሰው ጣውላ ተሸክሜ ትከሻዬ ተልጧል። እሱ ሰርቆ ይገባል፤ ከዚያ መሮ ይሰጠዋል፣ መጋዝ ይሰጠዋል፣ እንዳንቺ ያለች አስተማሪ ትመደብለታለች! ድሃው ሁሉ ለመማር ብሎ ይስረቅ?»

መምህርቷ ተነፈሰች። ይህን ነገር በዚያው ሳምንት ስንት ቦታ እንደሰማችው እሷ ናት የምታውቀው፤ ሰዉ ሁሉ ተማክሮ አንድ ቃል ያጠና ይመስል ነበር። አጎቷ ናቸውና በትዕግሥት መለሰች።

«የውጪው ሰው መማሪያ ማጣቱ እኔንም ያናድደኛል። ለሱ አብረን እንጩህ። ግን የውስጡን አደንቁረን ብናስቀምጠው የውጪው ምን ይጠቀማል?»

«ይቀጣ! የገባው ሊቀጣ ነው!»

«ተቀጥቷል እኮ። ዳኛው የወሰደበት ዓመታቱን ነው፤ ሲወጣ ባዶ እጁን ይውጣ ብሎ የፈረደ የለም። ደግሞ ይወጣል፣ ጋሼ! ቢማርም ይወጣል፣ ባይማርም ይወጣል። ወዴት የሚሄድ ይመስልዎታል? እኛው ሰፈር ነው የሚመጣው። ማታ ከኋላዎ የሚከተልዎ ሰው በኪሱ ሜትር ቢይዝ ነው የሚሻልዎት ወይስ ጩቤ?»

«ጩቤውንስ እናንተው አይደላችሁ የምትሰጡት? መሮ ምንድነው? ስለት አይደለም? ለወንጀለኛ ስለት! ኧረ ወዲያ፣ አብዳችኋል!»

«እኛ ዘንድ የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ ግድግዳው ላይ በቀለም ተሥሏል። መሮ የመሮው ላይ፣ መጋዝ የመጋዙ ላይ ይሰቀላል። ሥራ ሲያበቃ አንዱ ቅርጽ ባዶ ከሆነ ማንም ከዚያ ክፍል አይወጣም። የእርስዎ ሱቅ ግን… ትናንት እንኳ እርሳስ ፍለጋ ቤቱን ሲያተራምሱ ነው ያገኘሁዎት።»

«እርሳሴን አታንሺብኝ!» አሉና ደንግጠው ጆሯቸውን ዳበሱ። እርሳሱ እዚያው ነበር።

አውቶቡሱ አሁንም የለም። መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይሄ ልጅ ሰኞ ይፈታል። ሦስት አናጢ ቤት ሄጄ ለመንኩ፤ ሁሉም እንደ እርስዎ ጮኸውብኝ መለሱኝ። የሚቀጥረው ካጣ የሚያስጠጉት የድሮ ጓደኞቹ ብቻ ናቸው። ራሱ ነው የነገረኝ፣ እየፈራ። እኔ ደግሞ ደከመኝ፣ ጋሼ። አስተምሬ አስተምሬ በሩ ላይ ስጥለው ደከመኝ!»

«ማን ይባላል ይሄ ልጅሽ?»

«ያውቁታል። ዝምተኛው ነው።»

የጋሽ ሚስማር ሚስማር ከአፋቸው ወደቀ። ዝምተኛው የእሳቸው ሠራተኛ ነበር። ዓመታት ጣውላ ሲሸከምላቸውና እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግላቸው ኖሮ፣ አንድ ጠዋት ከአባታቸው የወረሱትን የእንጨት መላጊያ ይዞ ጠፋ። ሸጠው። በኋላ በሌላ ስርቆት ተይዞ ታሰረ።

«ያ? የአባቴን መላጊያ የበላው? ያ ደነዝ ነው ይሄን የሠራው? ሜትር ስሰጠው እየተወ ገመድ ላይ ቋጠሮ እየቋጠረ ይለካ የነበረው? ሞቼ እገኛለሁ!»

«በገመድ ይለካ የነበረው ቁጥር ማንበብ ስለማይችል ነው።»

«አልነገረኝማ!»

«መቼ ጠየቁት? ደነዝ ሲሉት ነው የኖሩት። እኛ ጠዋት ፊደልና ቁጥር ነው የምናስተምረው፣ ከሰዓት እንጨት። ቁጥሩን ሲይዝ ገመዱን ራሱ ጣለው። ደግሞ አንድ ነገር ነግሮኛል። እርስዎ እንጨት ሲያጋጥሙ ጀርባዎን ይሰጡት ነበር አሉ።»

ይህ የድሮ አናጢዎች ልማድ ነው። ዋናው ሥራ ላይ ሲደርሱ ዞር ይላሉ፤ ሠራተኛው አይቶ ነገ ከጎናቸው ሱቅ እንዳይከፍት። ጋሽ ሚስማርም የአባታቸውን ጀርባ ሲያዩ ነው ያደጉት፤ ልጅነታቸውን ሙሉ በዚያ ጀርባ ተናደው፣ ሲያረጁ ያንኑ ደገሙት።

«ሙያ እንዲህ በዋዛ አይሰጥም!» አሉ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ስላልሰጡት ሰረቀ አላልኩም። የሰረቀው እሱ ነው፤ ዋጋውንም ከፍሏል። ግን ለስንቱ ነው ጀርባዎን የሰጡት? አሁን እጅዎ ሲዝል ዴስኩን ማን ይሠራልዎታል?»

አውቶቡሱ መጣ፤ በሩን ከፈተ። ጋሽ ሚስማር በርጩማውን እያዩ ቆሙ። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋባቸው፤ ሰደቡት፤ አውቶቡሱም ጥሏቸው ሄደ።

«ሰኞ በጠዋት ይምጣ» አሉ በመጨረሻ። «እርሳስ ብትጠፋ ግን የምይዘው አንቺን ነው!»

እሑድን ሙሉ እያጉረመረሙ ግድግዳቸው ላይ የዕቃዎቻቸውን ቅርጽ ሲሥሉ ዋሉ። ሰኞ ዝምተኛው በር ላይ ቆሞ ግድግዳውን አየ። ሁሉም ዕቃ በቦታው ተሰቅሏል፤ ባዶው የመላጊያው ቅርጽ ብቻ ነው። አንገቱን ደፋ።

«አዎ፣ እሱ ነው» አሉ ጋሽ ሚስማር። «እያየኸው ትሠራለህ። በል እንካ ሜትር፣ ያን ጣውላ ለካ።»

ለካና ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ። እሳቸው ደግመው ለኩት፤ ልክ ነው። ያናደዳቸውም ልክ መሆኑ ነው።

«ይቺን ታህል ነገር ለመማር እስር ቤት መግባት ነበረብህ?» ብለው ጮሁበት።

«ከዚያ በፊት ተማር ያለኝ አልነበረም፣ ጋሼ» አለ ዝምተኛው።

ጋሽ ሚስማር ሚስማሩን ከአፋቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና መሮውን አነሡ።

«እዚያ በር ላይ ሆነህ ምን ይታይሃል? ወዲህ ዙርና ፊት ለፊቴ ቁም። እጄን እይ።»

ዴስኮቹ በቀናቸው ደረሱ፤ ተማሪዎቹ ቢወዘውዟቸው ቢወዘውዟቸው አልነቃነቅም አሉ። ሱቁ ዕቃ ፍለጋ የሚያባክነው ቀን ቀረለት፣ ሰፈሩም ከአንድ ሌባ ይልቅ አንድ አናጢ አተረፈ። ጋሽ ሚስማር አሁን በየሳምንቱ ማረሚያ ቤቱ ድረስ ሄደው ያስተምራሉ። በር ላይ ጠባቂው ሚስማሩን ከአፋቸው ሊቀበላቸው ሲል ሁልጊዜ ይጣላሉ፤ ሁልጊዜም ይሰጡታል። እምቢ ለሚሉ አናጢዎችም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ይወጣል እኮ! ምን ይዞ እንዲወጣ ነው የምትፈልገው?»

ዝምተኛው ደግሞ እያመሸ ከጠንካራ እንጨት መላጊያ ሠርቶ አንድ ቀን ባዶው ቅርጽ ላይ ሰቀለው። የአባታቸው አይደለምና ቅርጹን በትክክል አልሞላውም፤ በአንድ በኩል ግድግዳው ይታያል። ጋሽ ሚስማር አዩት፣ ጠማማ ነው ብለው ተነጫነጩ፣ አላወረዱትም።