ስለጠፋችው ሮዝ ጠርሙስና ስለጥበቃው እጅጌ

የምስክር ቃል
ምስክር፦ የምርምር ማዕከሉ ዕቃ አጣቢ፣ ሴት
ዕድሜ፦ 52 ትምህርት፦ 6ኛ ክፍል
አድራሻ፦ ከማዕከሉ ጀርባ፣ ከተጠርጣሪው የጥበቃ ሠራተኛ ጋር ግድግዳ የምትጋራ
ቀንና ሰዓት፦ ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡10

ተጠርጣሪውን የማውቀው በጉርብትና ነው። ትንሿ ልጁ ቶንሲል ታማ ሦስት ቀን ቤቱ እንቅልፍ የለም፤ ባለቤቱም ነፍሰ ጡር ናት፣ እግሯ አብጧል። ዛሬ ከንጋቱ 12፡30 ላይ አባትየው ሽሮፕ ሲሰጣት አፏን ያስከፈትኳት እኔ ነኝ። እሷ ግን ቱፍ ብላ እጅጌው ላይ ተፋችው። ሽሮፑ ሮዝ ነው። «ልብስ ልቀይር» ሲለኝ «ሂድ ረፍዶብሃል፣ ማን ያይሃል?» ያልኩትም እኔው ነኝ።

ከጠዋቱ 3፡00 ላይ ተመራማሪዋ ዶክተር ማቀዝቀዣውን ከፍታ «ሮዟ የለችም!» ብላ ጮኸች። ሮዟ የምንላት ብርሃን እንዳያበላሻት በፎይል የተጠቀለለች፣ አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ ናት፤ የተመራማሪዎቹ የሦስት ዓመት ልፋት ናት። ዶክተሯ ዕቃ ሳጥብ እንዳስረዳችኝ፣ አጣማጅ አላት። ሁለቱ ሰውነት ውስጥ ካለው ከሌላው ነገር ሁሉ ጋር ጉዳይ የላቸውም፤ እርስ በርስ ሲገናኙ ግን ወዲያው ይጣበቃሉ። አንዱ የካንሰሩ ዕጢ ላይ ቀድሞ ይቀመጣል፣ ሌላው መድኃኒቱን ይዞ ይከተለዋል፤ ጤነኛው አካል አይነካም። ሲጣበቁ ሮዙ ቀለም ድርግም ብሎ ይጠፋል። በዓይኔ ስንቴ አይቻለሁ!

የክፍሉ ኃላፊ የጥበቃውን እጅጌ አይተው «ይኸው ሌባው!» አሉ፤ ሰውየው ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ። እኔም ዶክተሯን «አጣማጇን ጠብ አድርጊበታ! ሮዟ ከሆነች ይጠፋ የለ?» አልኳት። «እትዬ፣ ተመራማሪዋስ አንቺ ነሽ!» ብላ እጄን ይዛ እየሮጥን መጣን። መርማሪው ባሉበት፣ መጀመሪያ ከማዕከሉ ባመጣችው፣ ሮዟ በነካችው ወረቀት ላይ ጠብ አደረገች፤ ነጣ። እጅጌው ላይ ጠብ አደረገች፤ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ሽሮፕ ነዋ!

መርማሪው «ታዲያ ጠርሙሷ የት ገባች?» ሲሉ ግን ክው አልኩ። ትናንት ከቀኑ 10፡00 ላይ የማቀዝቀዣውን በረዶ ፍቄ በባልዲ ያወጣሁት እኔ ነኝ። «ልጅቷን ትኩሳቱ ባሰባት» ተብዬ ተጠርቼ ባልዲውን ሳልደፋ፣ ዕቃ ቤት ትቼው ሄጃለሁ። ሥራዬን ሊያሳጣኝ እንደሚችል እያወቅሁ ይህን ተናገርኩ። ቃሌን ሳልጨርስ ዶክተሯ በረረች።

ያየሁትንና የሠራሁትን ብቻ ተናግሬአለሁ፤ የራሴንም ጥፋት አልሸሸግሁም። ሲነበብልኝ ልክ ነው ብያለሁ።

ከመፈረሜ በፊት ይህ እንዲጨመር ጠይቄአለሁ፦ ከቀኑ 7፡00 ላይ ዶክተሯ እያለከለከች ገባች። «ባልዲው ውስጥ፣ ከነፎይሏ! ትንሽ ቀድቼ አጣማጇን ጠብ ሳደርግበት ወዲያው ነጣ፤ አልተበላሸችም! የሰኞው ሙከራ አይቀርም!» ብላ አቀፈችኝ፤ ሁለታችንም ዘለልን። ኃላፊው ተከትለዋት መጥተው ጥበቃውን «ይቅር በለኝ» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንቺም ሰኞ ነይ፤ ማቀዝቀዣውን ግን በሩቁ!» አሉኝ። ጥበቃው ግን ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ የቀኑን ሽሮፕ ማን ሰጣት?» አለኝ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ........
የመርማሪው ፊርማ፦ ........