ስለ ጋዝ መኪናው ዜማና ስለ አምስተኛው ኳኳታ የተሰጠ ቃል

የምስክሯ ስም፦ ጁማና ዘኪ አል-ሐጃዊ
ዕድሜ፦ 16
ሥራ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ
አድራሻ፦ አማን፣ ጀበል አት-ታጅ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ሕንፃ፣ 2ኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2019፣ ከቀኑ 10፡30 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሐቴም
ምስክሯ ለአካለ መጠን ስላልደረሰች አብሯት የተገኘ፦ አያቷ አቡ ዘኪ፣ ዕድሜ 78 (ራሱ 70 ነኝ ብሏል፤ በመታወቂያው መሠረት ተመዝግቧል)

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር ወደ ጣቢያው የመጣሁት ማንም ጠርቶኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። የመጣሁበት ምክንያት የጋዝ አከፋፋዩ አቡ ሰነድ ባላጠፋው ጥፋት የፊታችን ሐሙስ የማከፋፈያ ፈቃዱን ሊነጠቅ ስለሆነ ነው። አቡ ሰነድ በሰፈራችን ለሃያ ሁለት ዓመት ሲሊንደር ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ነው፤ ሌላ ሥራ አያውቅም። ሳጅኑ ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ቢለኝም እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል።

ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 9 ቀን ከሰዓት በኋላ አቡ ሰነድ ጋዝ መምጣቱን ለሰፈሩ የሚያሳውቀውን ዜማ የሚያጫውተውን የመኪናውን ዕቃ ይዞ ቤታችን መጣ። ዝናብ ገብቶበት ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ያለዚያ ዜማ የጋዝ መኪና በር ላይ ቢቆም እንኳ ከበረንዳ ብቅ የሚል ሰው የለም። "ጁማና፣ አንቺ ሽቦ የምትበዪ ልጅ፣ ነገ ብርድ ነው አሉ፤ ይሄን ዲዳ አናግሪልኝ" አለኝ። ዕቃውን በእናቴ የፀጉር ማድረቂያ አድርቄ፣ ሽቦውን አስተካክዬ፣ አዲስ ሚሞሪ አስገባሁለት።

እዚህ ላይ ጥፋቴን እናገራለሁ። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ የድሮ ጌም ሙዚቃ ሪሚክስ እሠራለሁ። አባቶቻችን በልጅነታቸው የተጫወቱባቸው፣ እኛ ሰፈር በጅምላ አታሪ የሚባሉት ማሽኖች በአንድ ጊዜ ከሦስት አራት ድምፅ በላይ ማውጣት አይችሉም። እኔ የእነሱን ዜማ ወስጄ በኮምፒውተር ከበሮና ቤዝ እጨምርበትና እንደገና እሠራዋለሁ። ለሽያጭ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ እንደኔው የሚሠሩ ልጆች ይሰሙታል፣ ይተቹታል፣ ሲብስም ይሰድቡታል። አያቴ ሥራዬን የፍሪጅ ለቅሶ ይለዋል። አሁንም እዚሁ ተቀምጦ ብሎታል።

በዚያ ሳምንት የያዝኩት "የቀበሮዋ ጉድጓድ" ከሚባል ጌም የተወሰደ፣ ቀበሮዋ ውሃ ውስጥ ስትዋኝ የሚሰማውን ዜማ ነበር። ሥራው አልቆ ነበር፤ ግን በኢርፎን ስሰማው ካርቶን ውስጥ የታሸገ ይመስላል። እንዲህ ሲሆን ዜማውን ውጭ በትልቅ ድምፅ ማጉያ አጫውተን፣ ከግድግዳና ከተራራ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና እንቀዳዋለን፤ አየር ያገኛል። በሰፈራችን ከጋዝ መኪናው የሚበልጥ ድምፅ ማጉያ ያለው መስጊዱ ብቻ ነው። መስጊዱን አልነካሁም፤ ይህም ይመዝገብልኝ። ስለዚህ በሚሞሪው ላይ ከጋዙ ዜማ ቀጥሎ ሪሚክሴን ጫንኩ። ይህን ያደረግኩት አውቄ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውቶ ወደ ጋዙ ዜማ ይመለሳል ብዬ ነበር፤ ማጫወቻው መጨረሻ ላይ ሲደርስ የመጨረሻውን ዜማ ብቻ እየደጋገመ እንደሚቀር አላወቅኩም። አቡ ሰነድ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አያውቅም ነበር። መስኮቱን ዘግቶ፣ የሬዲዮ ዜና ከፍቶ ነው የሚነዳው፤ የግራ ጆሮውም አይሰማም።

እሑድ ፌብሩዋሪ 10 ቀን ከቀኑ 10፡10 ሰዓት ላይ መኪናው ከሕንፃችን ሥር ቆመ። እኔ ስልኬን መቅጃው ላይ አድርጌ፣ በካልሲ ከትቼ፣ በልብስ ማስጫ ገመድ ከበረንዳችን ወደ ታች አውርጄው ነበር። ከመኪናው አናት ሁለት ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ሪሚክሱ ፊት ለፊታችን ካለው ተራራ ተመልሶ ሲመጣ በደንብ ለመስማት ዓይኔን ጨፈንኩ። ስለዚህ ቀጥሎ በመኪናው ኋላ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም። አየሁ ብል ውሸት ይሆናል።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የኡስታዝ ሹክሪ ድምፅ ተሰማኝ። ኡስታዝ ሹክሪ በጡረታ ላይ ያሉ ርዕሰ መምህርና የሕንፃችን ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ኮሚቴው ከእሳቸው ሌላ አባል የለውም። የመኪናውን ፊት እየደበደቡ "ሰርግ ነው ጋዝ? ዝጋው ይሄን። ሰው በብርድ አልቆ አንተ ታስጨፍራለህ" ሲሉ ሰማሁ። አቡ ሰነድ ግን ሲሊንደር ሊያደርስ ወደ ሕንፃችን ገብቶ ስለነበር መኪናው ውስጥ ሰው አልነበረም። ወዲያው ከኋላ ከባድ ነገር ወደቀ። ዓይኔን ስገልጥ አንድ ሲሊንደር ቁልቁለቱን ይዞ እየተንከባለለ ነበር። አርባ ሜትር ያህል ሄዶ የሰፈራችንን ፋርማሲስት የቆመ መኪና መብራት ሰብሮ ቆመ። ከፋርማሲስቱ መኪና አጠገብ ሁለት ልጆች ብይ ይጫወቱ ነበር። አልነካቸውም።

በዚያው ዕለት ኡስታዝ ሹክሪ ለፖሊስ ባቀረቡት አቤቱታ፣ አቡ ሰነድ በጭፈራው ልቡ ተወስዶ ሲሊንደሮቹን የሚይዘውን የኋላ ሰንሰለት ሳይዘጋ እንደሄደ፣ እሳቸውም በመኪናው ኋላ ጭራሽ እንዳላለፉ ተናግረዋል። ሌሎቹ የሰፈር ልጆች ሁሉ ከፊት፣ ማጉያው ሥር ስለነበሩ ከኋላ ያየ ሰው አልተገኘም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ተመልሼ የቀዳሁትን ከፈትኩ። ሪሚክሱ ውስጥ ለማስገባት የማልፈልጋቸውን ድምፆች አንድ በአንድ ማውጣት ነበረብኝ። 1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ላይ አቡ ሰነድ "ቢስሚላህ" ይላል፤ የሰንሰለቱ መንጠቆ ሲገባ ይሰማል። ዘወትር ሲዘጋው እንዲህ ይላል። ከዚያ እግሩ ወደ ደረጃችን ይሄዳል፤ አራተኛ ፎቅ ላሉት ለኡም ኒዳል ሲሊንደር ተሸክሞ እየወጣ ነው። 3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ላይ መንጠቆው ሲወጣ ይሰማል። ቢስሚላህ የለም። ቀጥሎ ኳኳታ አለ።

ኡስታዝ ሹክሪ ጋዝ ሲገዙ ሲሊንደሩን በቀለበታቸው እያንኳኩ ሙሉ መሆኑን በድምፁ ይለያሉ። ሲሊንደሮቹን እንደ ተማሪ ይፈትኗቸዋል፤ አራቱን ይጥላሉ፣ አምስተኛውን ያሳልፋሉ። ይህን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም፤ አቡ ሰነድም ሁሌ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። በዚያ ቀን ግን አልጠበቁትም። በቅጂው ላይ አራቱ ኳኳታዎች ልክ በከበሮዬ ምት ላይ ያርፋሉ። አንድ ሰከንድ እንኳ አልሳቱም፤ እኔ ራሴ ብመታው እንዲህ አላስተካክለውም ነበር። ከአራተኛው በኋላ የኡስታዝ ሹክሪ ድምፅ "ይሄም ሰነፍ ነው" ይላል። አምስተኛው ከምቱ ወጥቷል፤ አብሮት ሲሊንደር ሲጎተት ይሰማልና ወደ ጠርዙ እየሳቡ ነው ያንኳኩት። ከዚያ እርምጃቸው ወደ መኪናው ፊት ይሄዳል፣ "ሰርግ ነው ጋዝ" ይላሉ፣ ሲሊንደሩ ይወድቃል። መንጠቆው ተመልሶ ሲገባ አይሰማም። ሃያ ጊዜ ያህል ደግሜ ሰምቻለሁ፤ የለም።

ይህን ቅጂ ባስረክብ ዜማውን የቀየርኩት እኔ መሆኔ አብሮ እንደሚወጣ አውቄያለሁ። ለአያቴ ነገርኩት። "ሹክሪ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ዳይስ እየጣለ ጠውላ የተጫወተ ሰው ነው፤ ዝም በይ፣ ሽማግሌ ልከን እንጨርሰዋለን" አለኝ። "ጂዶ፣ እናንተ ሻዩን ጠጥታችሁ እስክትጨርሱ ሐሙስ ያልፋል" አልኩት። "ይሄን ምላስ ከማን ወሰድሽው?" አለ። "ከሠላሳ ዓመቱ ጠውላ ስንቱን አሸነፍክ?" ብዬ ጠየቅኩት። ተነሥቶ ለለቅሶ ቤት የሚለብሰውን ኮት ለበሰ። እዚህ የመጣነው እንዲህ ነው።

ሳጅኑ ቃሌን እየተቀበለ ሳለ ቅጂውን በጣቢያው ኮምፒውተር አጫውቶታል። በዚያ ሰዓት አቡ ሰነድና ኡስታዝ ሹክሪ ለዚሁ ጉዳይ ተጠርተው ኮሪደሩ ላይ፣ በአንድ የብረት አግዳሚ ወንበር ዳርና ዳር ተቀምጠው ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር። ሪሚክሱ ሲጀምር አያቴ ራሱን ነቀነቀ። ኳኳታው ከመድረሱ በፊት ከኮሪደሩ ቀለበት ብረት ሲነካ ሰማን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ በምቱ ላይ። ከዚያ ቀለበቱ ቆመ። አቡ ሰነድ የሚሰማው ጆሮው ወደ ኡስታዝ ሹክሪ ሆኖ ነበር የተቀመጠው። "ኡስታዝ" አላቸው፣ "አምስተኛውስ?" ሳጅኑ ይህን ራሱ ስለሰማ እንዲጻፍ አልጠየቅኩም፤ ተጽፏል።

የእኔ ጥፋት ያልተፈቀደልኝን ዜማ በሰው መኪና ላይ መጫኔ ነው። ቅጣቱ በእኔ ስም ይጻፍ፤ በአቡ ሰነድ ፋይል ውስጥ እንዳይገባ። የጋዙን ዜማ ብቻውን የያዘ ሌላ ሚሞሪ ዛሬውኑ ሠርቼ እሰጠዋለሁ፤ አያቴ ቆሞ ይሰማዋል። የተቀዳበትን ስልክ ለኤግዚቢት አስረክቤያለሁ። ሪሚክሱን ስጨርስ አራቱን ኳኳታዎች አስቀራቸዋለሁ፤ አምስተኛው የፖሊስ ነው።

ቃሌ ተነቦልኛል። የፍሪጅ ለቅሶ የሚለው ይሰረዝልኝ ብዬ አልተሰረዘም፤ ከዚያ በቀር ሁሉም እንዳልኩት ነው። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብያለሁ፤ አንዱን በሌላው ቦታ አላስገባሁም። ለዚህም እፈርማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ጁማና ዘኪ አል-ሐጃዊ
አብሯት የተገኘው አያት ፊርማ፦ አቡ ዘኪ (መነጽሩን ስላልያዘ የሚፈርምበትን ቦታ ምስክሯ አሳይታዋለች)
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሐቴም

የሳጅኑ ማስታወሻ፦ ከቀኑ 11፡40 ሰዓት ላይ አቤቱታ አቅራቢው ኡስታዝ ሹክሪ ቀርበው፣ እሑድ የሰጡትን ቃል ለማረም ወረቀት ጠይቀው ተሰጥቷቸዋል። አራት ወረቀት ጽፈው ቀደዱ። በአምስተኛው ላይ ፈርመው አስረክበዋል።